ባለ ሰባት ተርታው ቀሚስ

ጥሩአየሁ ሣህለ ማርያም በሞጣ ትምህርት ቤት ለሴቶች ልጆች የእጅ ሥራ ታስተምር የነበረች ሴት ናት። መርፌ ያስያዘቻቸው ልጆች ዛሬ የልጅ ልጅ አይተዋል። ስሟ ሲነሣ ግን ከዚያ ሁሉ ሥራዋ ይልቅ ሰው የሚያወራው ስለ አንድ ሰማያዊ ቀሚስ ነው። ቀሚሱን ያየ ሰው ምንም የተለየ ነገር አያገኝበትም ነበር፤ የተሰፋውም እንዳይገኝበት ነው። በፍርሃት የተሰፋ ልብስ ነበር። እኔም የማወራችሁ የፍርሃቷን ነገር ነው፤ ስለ ስፌቷማ ተማሪዎቿ ይመስክሩ።

የተወለደችው ብቸና ነው። አባቷ የኔታ ሣህለ ማርያም የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ከቤታቸው ጀርባ የተማሪዎቻቸው ጎጆዎች ተደርድረዋል። እናቷ ቀድማ ስለሞተች ያደገችው በአባቷ እግር ሥር ነው። ወንዶቹ ቅኔ ሲማሩ እሷ ግድግዳውን ተደግፋ የአባቷን እጀ ጠባብ ትጠግናለች። አንዱ ተማሪ ቅኔውን ያሰማል፤ የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡና ወደ ሌላው ዞረው «ፍታው» ይሉታል። ሰሙን ገፈህ ወርቁን አውጣ ማለታቸው ነው። ተማሪው ከተንተባተበ «ፍታው እንጂ!» ይሉታል። ጥሩአየሁ ይህችን ቃል በቀን አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ እየሰማች ነው ያደገችው። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ስትሳሳት ታዩዋታላችሁ።

ደብረ ማርቆስ ተምራ የእጅ ሥራ አስተማሪ ሆነች፣ ሞጣ ተመደበች፣ እዚያም የሒሳብ አስተማሪውን ደምለውን አገባች። ደምለው ረጋ ያለ፣ ክፉ ቃል የማይወጣው ሰው ነው። አንድ ጉድለቱ እናቱ ፊት ሲቆም ድምፁ መጥፋቱ ነው። ግራ ጆሮው እንደ ሴት ተበስቷል። ምን እንደሆነ ስትጠይቀው «የልጅነት ነገር ነው» ከማለት በቀር ሌላ መልስ ሰጥቷት አያውቅም። እናቱ ወይዘሮ ወለተ ሐና ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው፤ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከእነሱ በር ፊት ለፊት ባለች ቤት ይኖራሉ። በከተማው ከእሳቸው የቀጠነ ክር የሚፈትል ሴት የለም፤ ከእሳቸው የወፈረ ነገር የሚናገርም የለም። ሸማኔዎች ይወዷቸዋል፤ ሰፈርተኛው ግን ምላሳቸውን ፈርቶ መንገድ ይቀይራል።

ጥሩአየሁ ያን ቀሚስ ከመስፋቷ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዛ ነበር። የመጀመሪያው በስድስተኛ ወሩ ጨነገፈ። ሁለተኛው ወንድ ልጅ ሆኖ በሰላም ተወለደ፤ ሰባት ጊዜ እልል ተባለለት፣ ገንፎው ተገነፋ። ገና በሆዷ ሳለ ሦስት እጀ ጠባብና ሁለት ቆብ ሰፍታለት፣ ዳር ዳሩን ጠልፋ፣ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣለት ነበር። በሁለተኛው ቀን የልጁ ዓይን ውስጥ ቢጫ ነገር ታየ። በሦስተኛው ቀን ገላው ሁሉ እንደ እርድ ሆነና ሞተ። ክርስትና ያልተነሣ ልጅ ነውና ፍታት እንኳ አልነበረውም። ከሦስቱ እጀ ጠባብ አንዱን አልብሰው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቀበሩት።

የሰፈሩ ሴቶች ሊያስተዛዝኗት በተቀመጡበት ነገሩን ሹክ ተባባሉበት። ሾተላይ አለባት አሉ። ሾተላይ ማለት አንዲቱን እናት ተከትሎ ልጆቿን እየለቀመ የሚበላ ክፉ ነገር ነው። ጆሮው አይጣል ነው፤ እልልታ ሲሰማ ይመጣል፣ የተዘጋጀ የሕፃን ልብስ ሲያይ ቤቱን ያውቃል ይሉ ነበር። «ምን ቀድማ አሰፋት?» አለች ጎረቤቷ ፋንታነሽ፣ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት። ጥሩአየሁ ከመጋረጃው ጀርባ ተኝታ ሰማቻት። የቀሩትን ሁለት እጀ ጠባቦች በዚያው ሳምንት ምድጃ ውስጥ ጨመረቻቸው። ወይዘሮ ወለተ ሐና ግን ያን ቀን አንድም ቃል አልተናገሩም፤ እንዝርታቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ገቡ። ከዚያ በኋላ ጥሩአየሁ ከምላሳቸው ይልቅ ዝምታቸውን መፍራት ጀመረች።

በ1957 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ እንዳረገዘች አወቀች። ደስ አላላትም። ያላት ፍርሃት ብቻ ነበር፤ ከእንቅልፏ አብሯት የሚነሣ፣ ምግቧን አብሯት የሚበላ ፍርሃት። ለደምለው ስትነግረው የራሷን ፍርሃት ፊቱ ላይ አየችው።

«ለማን እንንገር?» አላት።

«ለማንም» አለችው። «ለእናትህም ቢሆን።»

ሆድ ግን አይደበቅም። የባላገር ሴት ብትሆን ኖሮ ሰፊው ቀሚሷ ብዙ ወር በሸፈነላት። አስተማሪ የምትለብሰው ግን ወገቡ ልክክ ያለ የከተማ ቀሚስ ነው፤ አንድ ቀን ሰፊ ቀሚስ ለብሳ ክፍል ብትገባ እሱ ራሱ አዋጅ ነው። ሰይድ ልብስ ሰፊው ጋ እንዳትሄድ ደግሞ ሰይድ በረንዳው ላይ አቁሞ ሲለካ፣ ቁጥሩን እንዳይረሳው ጮክ ብሎ ነው የሚጠራው። የየትኛዋ ሴት ወገብ ስንት እንደሆነ ገበያተኛው የሚያውቀው ከሰይድ በረንዳ ነው። ስለዚህ ራሷ ልትሰፋው ቆረጠች። ጨርቁንም ከሞጣ አልገዛችም። ለመስቀል አባቷን ልትጠይቅ ብቸና ስትሄድ፣ አራት ክንድ ለሚበቃው ቀሚስ ስምንት ክንድ ሰማያዊ ፖፕሊን ገዝታ በጭነት መኪና ተንገጫግጫ ተመለሰች። ለአባቷም ያን ጊዜ አልነገረቻቸውም።

ወይዘሮ ወለተ ሐና ለሠርክ ጸሎት ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጠብቃ፣ በሯን ዘግታ በእጇ ትሰፋለች። ብልሃቱ እንዲህ ነው። በቀሚሱ ጎንና ጎን ትርፍ ጨርቅ ተወችለት፤ ትርፉን ወደ ውስጥ አጠፈችና በሰባት ተርታ ስፌት ያዘችው። በአንዱ ተርታና በሌላው መካከል ያለው አንድ ጣት ያህል ነው። ሆዷ በገፋ ቁጥር አንዱን ተርታ ስትፈታ ቀሚሱ ከግራም ከቀኝም ይለቃል፤ ለሚያይ ሰው ግን ያው ቀሚስ፣ ያው ልክ ያለ ወገብ ነው። ከላይ ደግሞ ነጠላ አለ። በየሃያ ቀኑ አንድ ተርታ ብትፈታ፣ ሰባተኛው የሚፈታው የመውለጃዋ ወር ሲገባ ነው። መርፌዋን በሰካች ቁጥር «ለሰባተኛው አድርሰኝ» ትላለች፤ ሌላ ጸሎት አልነበራትም። ለልጁ ግን አንድ ክር አልቆረጠችም። አንድ ጊዜ ከቀሚሱ የተረፈች መዳፍ የምታህል ቅዳጅ እጇ ላይ ቀርታ፣ ይህችስ ለቆብ ትሆናለች ብላ አሰበች። ወዲያው ክው አለችና ቅዳጇን እሳት ውስጥ ወረወረቻት።

የመጀመሪያውን ተርታ የፈታችው በኅዳር ሚካኤል ማግሥት ነው። ፍቺ የምትባለውም ቃል ወደ ግቢያቸው የገባችው በዚያው ሳምንት ነው። ጥሩአየሁ ከትምህርት ቤት መጥታ በሯን ልትከፍት ስትል፣ ወይዘሮ ወለተ ሐና አጥሩ ሥር ቆመው ለፋንታነሽ ሲናገሩ ሰማች።

«ስጠብቃት ኖርኩ፣ ሆዷ ባዶ ነው። ከእንግዲህስ ሰለቸኝ። ለልጄ የሚሻለው ፍቺ ነው።»

ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ እንኳ አልፈለጉም። ጥሩአየሁ የበሩን መቃን ይዛ ቆመች። ሆዷ ውስጥ ያለው ነገር የሰማ ይመስል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲንቀሳቀስ የተሰማትም ያኔ ነው። ማታ ደምለው ደብተር ሲያርም አጠገቡ ተቀመጠች።

«ትፈታኛለህ?» አለችው።

«ምን ነካሽ አንቺ?» አለና ማረሙን ቀጠለ። ይህ ለሌላ ሰው መልስ ይሆን ይሆናል፤ ለፈራ ሰው ግን መልስ አይደለም።

ሁለተኛው ተርታ ተፈታ፣ ሦስተኛውም። ፍቺ የምትለው ቃል ከተርታው ጋር የተማከረች ይመስል አንዱ በተፈታ ቁጥር እየጎላች ሄደች። በአጥር ላይ ስትባል የነበረችው ገበያ ወጣች፣ ከዚያ በማርያም ማኅበር ላይ ሴቱ ሁሉ ተሰብስቦ በተቀመጠበት ተባለች። ፋንታነሽ እዚያ ማኅበር ላይ «አስተማሪዋ ግን ወፈር ወፈር አላለችም?» ብትል፣ ወይዘሮ ወለተ ሐና አፏን ሳትገጥም ተቀበሏት። «ቅቤ ነው። ልጅ የሌላት ሴት ምን ሥራ አላት፣ ትብላ እንጂ!» ሴቶቹ ሳቁ። ጥሩአየሁም አብራ ሳቀች፤ የሆዷን በሆዷ ይዛ።

አንድ ቀን ደግሞ ግቢ ውስጥ አስቆሟትና ነጠላዋን ገለጥ አድርገው፣ የቀሚሷን ጎን ክር እንደሚመረምሩ ሁሉ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሐል አሹት።

«ጨርቅሽ ቀለሙን ይለቃል» አሉ። «ስታሰጪው ገልብጠሽ አስጪው። ነጠላሽንም ወደ ጎን ሳብ አድርጊው፤ አስተማሪ አይደለሽም እንዴ?»

ለእጅ ሥራ አስተማሪ ልብስ ስለማስጣት ምክር! ጥሩአየሁ ንቀት መስሏት አንገቷን ደፋች። ፈራች እንጂ አልተቆጣችም፤ ጣታቸው ከዚያ ጨርቅ ማዶ ያለውን ነገር የነካው መስሏት እስከ ማታ ድረስ ሆዷን ይዛ ተቀመጠች። ልጁ ሲንቀሳቀስ ትፈራለች፤ ሲተኛም ትፈራለች። ክፍል ውስጥ ልጆቹ ስፌት ሲለማመዱ እጇን ከጠረጴዛው ሥር ሆዷ ላይ አሳርፋ ትቆጥራለች፤ ሃምሳ እስክትቆጥር ካልገፋት ደሟ ቀጥ ይላል።

ጥር ላይ አራተኛውን ተርታ ስትፈታ ሸክሙ ከበዳትና ለአባቷ ደብዳቤ ጻፈች። ምንም አላስቀረችም። ማርገዟን፣ የቀሚሱን ብልሃት፣ የመጀመሪያውን ተርታ በፈታች ሳምንት አማቷ ፍቺ ማለት እንደ ጀመሩ፣ በየማኅበሩ ሆዷ ባዶ ነው እያሉ እንደሚያወሩባት፣ ሁሉንም ጻፈች። መጨረሻው ላይ «አባቴ ሆይ፣ ምን ላድርግ?» አለች።

መልሱ የመጣው የካቲት መጨረሻ፣ ስድስተኛው ተርታ ከተፈታ በኋላ ነው። የኔታ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር መጻፍ ትተዋል፤ መልእክታቸውን በቃል ያስያዙት ለገብረ ኪዳን ነው። ገብረ ኪዳን በብቸናና በሞጣ መካከል በርበሬ የሚያመላልስ ነጋዴ ነው፤ ሰውየው ደግ ነው፣ ጭንቅላቱ ግን ከበርበሬ ሌላ ብዙ አይይዝም። በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ።

«የኔታ ደኅና ናቸው። ደብዳቤሽ ተነብቦላቸዋል።»

«ምን አሉ?»

«እንግዲህ አጭር ነገር ናት። ‹ፍቺው፤ አትፍሪ በላት› አሉኝ። ከእሷ ፊት ሌላም ቃል ነበረች መሰለኝ፤ መንገዱ አስረሳኝ።»

ጥሩአየሁ የመጨረሻውን ልብ አላለችውም። ፍቺው ከምትለው በኋላ የመጣው በጆሮዋ አልፎ ሄደ። መርቀው የዳሯት አባቷ ባልሽን ፍቺው አሏት! እንግዲህ ልጁም እንደማይተርፍ ታውቋቸዋል ማለት ነው ብላ አሰበች፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተሰወረ ነገር ሲገልጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ቤት ገብታ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ሲያባርሯት ከምትወጣ በራሷ እግር ብትሄድ ይሻላል፤ የሚሞት ከሆነም ፋንታነሽ የማታይበት ቦታ፣ አባቷ ቤት ይሙት። እንዲህ እንዲህ ስትል ከራሷ ጋር ተማክራ ጨረሰች።

በሳምንቱ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የጭነት መኪና ወደ ብቸና እንደሚሄድ ሰማች። ደምለው ጓሮ እንጨት ይፈልጣል። ጨርቄን ማቄን ሳትል፣ የለበሰችውን ሰማያዊ ቀሚስ ብቻ ለብሳ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች። ወይዘሮ ወለተ ሐና የግቢው በር ላይ ተቀምጠው ይፈትላሉ። ቀና ብለውም አላዩዋት።

«ወዴት ነው?»

«ብቸና። አባቴን ልጠይቅ» አለች።

«በዚህ ሆድ?»

ጥሩአየሁ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ያ ሁሉ መርፌ፣ ያ ሁሉ የተዘጋ በር ለምን ነበር? ወይዘሮ ወለተ ሐና ያውቃሉ። ካወቁ አውርተዋል፤ ካወሩ ሾተላዩ ሰምቷል። ወገቧን አንድ ነገር ጨምድዶ ያዛት፤ ከዚያም ትኩስ ውሃ በእግሯ ወረደ። ሰባተኛው ተርታ ገና አልተፈታም፤ ለመውለጃዋም ሦስት ሳምንት ይቀር ነበር። «እማማ» አለች፤ ሌላ የምትጠራው ሰው አልነበረም።

አሮጊቷ እንዝርታቸውን ጣሉት። በዚያ ዕድሜያቸው ከየት ያመጡት ጉልበት እንደሆነ እንጃ፣ ብብቷን ይዘው ወደ ቤታቸው አስገቧትና በሩን ዘጉት። ነጠላዋን ገፈው ከመስኮቷ በሚገባው ብርሃን ፊት አቆሟት። ከዚያ በጣታቸው የቀሚሷን ጎን እየነኩ ቆጠሩ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ስድስተኛውን ከፈታሽ ገና አሥራ ሁለት ቀንሽ ነው። ቸኩሏል።»

ጥሩአየሁ ወደ ጎኗ አየች፤ አሁን ገና ታያት። ቀሚሱ በፀሐይና በእንዶድ ነጥቷል። ተርታው ሲፈታ ከእጥፋቱ የወጣው ጨርቅ ግን ፀሐይ አላየውምና እንደ አዲስ ነው። ስድስት ደማቅ ሰማያዊ መሥመሮች በግራ፣ ስድስት በቀኝ፤ አንዱ ካንዱ እየደመቀ። እስካሁን ታይ የነበረው ልትሠራ ያሰበችውን እንጂ የሠራችውን አልነበረም። ወሯን ጎኗ ላይ ጽፋ ከተማውን ስትዞር ከርማለች። ክርና ጨርቅ የሚያውቅ ዓይን በመጀመሪያው ሳምንት ያነበበው ነገር ነው።

ወይዘሮ ወለተ ሐና በጓሮ በር አንገታቸውን አውጥተው ልጃቸውን ጠሩ። «ያቺን ነርስ ጥራት። በፊት ለፊት እንዳታመጣት፣ በጓሮ!» ወደ ጥሩአየሁም ዞረው ረጋ ባለ ድምፅ «ነርሷን ፅጌረዳን ከታኅሣሥ ጀምሮ ነግሬያታለሁ። የሐረር ልጅ ናት፤ የእኛ አገር ሾተላይ አፏን አያውቀውም» አሏት።

ነርሷ መጣች፤ የጥሩአየሁም ምጥ ጠና። በሹክሹክታ ማርያም ማርያም ይሏታል፤ ጮክ የሚል አልነበረም። ጥሩአየሁ ነጠላዋን ነክሳ ብትይዝም አንድ ጊዜ አመለጣትና ጮኸች። ወዲያው ከአጥሩ ማዶ የፋንታነሽ ድምፅ መጣ።

«ወይዘሮ ወለተ ሐና! ምን ሆናችሁ? ሰው ታሟል እንዴ?»

ወይዘሮ ወለተ ሐና የጥሩአየሁን እጅ በሁለት እጃቸው እንደያዙ፣ ፊታቸውን ብቻ ወደ መስኮቱ አዙረው መለሱ።

«ምን እንሆናለን! ይህችን ሆደ ባዶ ነገ ከቤቴ እንደማስወጣት ብነግራት ታለቅሳለች። ፍቺ ነው አልኩሽ እኮ፣ ፍቺ!»

አፋቸው ይህን ሲናገር እጃቸው የጥሩአየሁን እጅ ጥብቅ አድርጎ ይዞ ነበር። አውራ ጣታቸው የእጇን ጀርባ ሕፃን እንደሚያባብሉ ሁሉ ወዲያና ወዲህ ያሻል። ጥሩአየሁ ፊታቸውን አየች፤ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ይወርዳል።

የአባቷ ድምፅ የመጣላት ያኔ ነው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ተማሪያቸውን ሲያዝዙ። ፍታው እንጂ! ገብረ ኪዳን መንገድ ላይ የጣላት ቃል ምን እንደነበረች ገባት። አባቷ ባልሽን ፍቺው አላሏትም። አማትሽ የሚሉትን ፍቺው ነው ያሏት። ቃሏ በየትኛው ሳምንት እንደ ተጀመረች ከደብዳቤው አይተው፣ እሳቸው ብቸና ተቀምጠው ፈትተውታል። የቅኔ መምህር ልጅ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ይህችን ቃል ስትሰማ ያደገች፣ በሰሙ ላይ ተቀምጣ ስትንቀጠቀጥ ከረመች። በዚያ ምጥ መሐል ሳቅ መጣባት፤ ሳቁ ሳያልቅ ሌላው ምጥ ያዛት።

«ከደምለው በፊት አራት ቀብሬያለሁ» አሏት ወይዘሮ ወለተ ሐና ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብለው። «እሱን ስወልድ እናቴ በር ላይ ቆማ ‹ሴት ናት፣ እሷም አትቆይም› ብላ ለአገሩ ተናገረች። ጆሮውንም እንደ ሴት በሳችው። እኔም የማውቀው ይህንኑ ነው፤ ባዶ ናት ካልኩ ማን ይፈልግሻል ብዬ ነው። ለአንቺ እንዳልነግርሽ ፊትሽ ደስ ይለዋል፤ ደስ ያለው ፊት ደግሞ ያወራል። አሁን ግፊ፣ ልጄ።»

በዘጠኝ ሰዓት ላይ ሴት ልጅ ተወለደች። ትንሽ ናት፣ ግን አለቀሰች። እልልታ አልነበረም። የሚያለብሷትም አልነበረም። ወይዘሮ ወለተ ሐና የወለቀውን ሰማያዊ ቀሚስ አነሡና በነርሷ መቀስ ሰባተኛውን ተርታ በጠሱት። የተለቀቀው ጨርቅ ከሁሉ የደመቀው ነበር፤ ፀሐይም ሰውም አላየውም። ቆርጠው ልጅቱን በእሱ ጠቀለሏት።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስት ቀኖች ጥሩአየሁ ስትናገራቸው ሰምቼ አላውቅም፤ ደምለው ነው የሚያወራቸው። በየሰዓቱ ልጅቱን ወደ በሩ ብርሃን አቅርበው ዓይኗን ገለጥ አድርገው ያያሉ። አንዱ ካየ በኋላ ለሌላው ይሰጣል። በሁለተኛው ቀን ጥሩአየሁ የልጅቱ ዓይን ቢጫ መሰላትና ጡቷ ደረቀ። ወይዘሮ ወለተ ሐና ልጅቱን ተቀብለው ብዙ ጊዜ አዩዋት። «የግድግዳው ጥላ ነው» አሉ፤ ግን መልሰው ወደ ብርሃኑ አቀረቧት። ያን ዕለት በግቢው ውስጥ እህል የቀመሰ ሰው አልነበረም። አሮጊቷ አጥሩ ሥር ሲወጡ ደግሞ ለፋንታነሽ ያችኑ ያስለመዷትን ቃል ይሏታል፤ ፍቺ ነው።

ሦስተኛው ቀን መጣ። ያኛው ልጅ የሞተው በሦስተኛው ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አራቱም፣ ነርሷም ሳትቀር፣ በሩ ላይ ቆሙ። ፅጌረዳ የልጅቱን ዓይን በቀስታ ገለጠች። ነጭ ነበር፤ እንደ ታጠበ ጥጥ ጥርት ያለ ነጭ።

ወይዘሮ ወለተ ሐና ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው አሠሩ። ወደ አጥሩ ሄዱ። ሦስት ቀን የዋጡትን፣ ሦስት ቀን ብቻም አይደለም፣ ከኅዳር ጀምሮ የዋጡትን እልልታ ለቀቁት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አሉ፤ ሦስተኛው መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ተለወጠባቸው። ፋንታነሽ ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ እየሮጠች መጣች።

«ምንድን ነው? ማን ወለደ?»

«ይኸውልሽ ፍቺው» አሉ፤ ሰማያዊውን ጥቅልል ከፍ አድርገው እያሳዩዋት።

ፋንታነሽ አፏን ከፍታ ቆየችና «እንኳን ማርያም ማረቻት» አለች። ወይዘሮ ወለተ ሐና ግን ጥንቃቄያቸውን አልጣሉም፤ ክርስትና እስክትነሣ ድረስ ልጅቱን «ቅዳጅ» እያሉ ነበር የሚጠሯት።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ደምለው ገብረ ኪዳንን በርበሬ ተራ አገኘው። «ለየኔታ ከሚስቴ መልእክት አለህ» አለው፤ ድምፁ ያን ቀን አልጠፋም። «‹ፈታሁት› ብላለች በላቸው። ይህችን ብቻ ናት፤ እንዳትረሳት።» ገብረ ኪዳን የሚፈታ ባል እንዲህ ሲስቅ አይቶ አያውቅም። ነገሩ ብቸና እስኪደርስ ከበደው። የኔታ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ባርኔጣውን አውልቆ፣ የሞት መርዶ እንዳመጣ ሰው አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

«የኔታ፣ ልጅዎ ‹ፈታሁት› ብላለች» አላቸው።

የኔታ የደከመ ዓይናቸውን ወደ ድምፁ አዙረው «ሴት ናት ወንድ?» ብለው ጠየቁት።